ምሕረት የማን ናት?

(በአንድ የሁለተኛ ዓመት የጋዜጠኝነት ተማሪ)



በአማርኛችን ውስጥ የሚሮጥን ሰው ቀጥ አድርገው የሚያቆሙ ሁለት ጥሪዎች አሉ። አንደኛው «በሕግ አምላክ!» ነው። በድሮ ጊዜ ሰው ተጣልቶ ዱላ ሲያነሳ፣ ወይም ተበዳሪ ገንዘብ ክዶ ሊሄድ ሲል፣ «በሕግ አምላክ!» ከተባለ ይቆማል። ፖሊስ የለም፣ ካቴና የለም። ከሳሽና ተከሳሽ የነጠላቸውን ጫፍና ጫፍ ቋጥረው ዳኛ ወዳለበት አብረው ይሄዳሉ። ቁራኛ የሚባለው ይህ ነው። ሁለተኛው ጥሪ ደግሞ «ስለ ኪዳነ ምሕረት!» የሚለው ነው። ይህንን በየደጀ ሰላሙ ከነዳያን አፍ እንሰማዋለን። የተበደለ ሰው ፊት ጎንበስ የሚሉ ሽማግሌዎችም ይሉታል።

አንዱ የሕግን ባለቤት ይጠራል፤ ሌላው የምሕረትን ቃል ኪዳን ይጠራል። ሁለቱም የሚጠሩት ግን ያንኑ አንድ አምላክ ነው። ታዲያ ጥያቄዬ እዚህ ላይ ነው። በአንድ ጉዳይ ላይ አንዱ ሰው «በሕግ አምላክ» ሲል፣ ሌላው ደግሞ «ስለ ኪዳነ ምሕረት» ቢል እግዚአብሔር የማንን ይሰማል? ፍርድና ምሕረት በክርስትና ትምህርት አብረው ይኖራሉ? ወይስ አንዱ በበር ሲገባ ሌላው በመስኮት ይወጣል?

እንግዲህ እኔ የሥነ መለኮት ተማሪ አይደለሁም። ሊቃውንቱ ያሉትን አሳምሬ አውቃለሁ ብዬም አልመጻደቅም። ይህንን የምጽፈው ጥያቄው እቤታችን ድረስ ስለገባ ነው።

ጥርኝ ውኃ

የካቲት 16 ቀን የኪዳነ ምሕረት በዓል ነው። በዚያ ቀን የበላዔ ሰብእ ታሪክ ሲነገር ያልሰማ የቤተ ክርስቲያን ልጅ ያለ አይመስለኝም። ታሪኩ ከተአምረ ማርያም የሚነገር ነው። ሰውየው የሰው ሥጋ ይበላል። ቤተሰቡን ሳይቀር 78 ሰው በልቷል። አንድ ቀን በመንገድ ላይ ሰውነቱ በለምጽ የቆሰለ፣ ውኃ ጥም ያቃጠለው ድኻ ያገኛል። ድኻው ውኃ ይለምነዋል። ሰውየው እምቢ ይላል። በመጨረሻ በእመቤታችን ስም ሲለምነው ልቡ ይራራና ጥርኝ ውኃ ይሰጠዋል። ሲሞት ነፍሱ ለፍርድ ትቀርባለች። በሚዛኑ በአንድ ወገን 78 ነፍስ፣ በሌላው ወገን ያቺ ጥርኝ ውኃ ትቀመጣለች። እመቤታችን ስታማልድ ጥላዋ በውኃው ላይ ያርፋል፤ ሚዛኑም ወደ ውኃው ያጋድላል። ሰውየው ይማራል።

ይህ ሥዕል በብዙ አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ አለ። እኔም በልጅነቴ ደጎሎ ላይ ከእናቴ ነጠላ ሥር ሆኜ ታሪኩን ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ሰው ሁሉ ሲሰማው ደስ ይለዋል። ማን ደስ የማይለው አለ? 78 ሰው የበላ ከዳነ እኛማ ምን አለን! እኔን ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። አንድ ቀን የንስሐ አባታችን ቤታችን ጠበል ሊረጩ ሲመጡ ጠየቅኋቸው።

«አባ፣ የተበሉት ሰዎችስ?»

አባ ሳቁና «ይኼ ልጅ ገና ብዙ ይጠይቃል» ብለው አለፉኝ። አልተቆጡም። አልመለሱልኝምም።

በልጅነቴ ጥያቄው እንዲያው የልጅ ጥያቄ ነበር። 78ቱ ሰዎች ለእኔ ቁጥር ነበሩ። ስምንት ዓመት ሲሆነኝ ግን ከእነሱ አንዱን የማውቀው ያህል ሆነ።

ወሰን

ለማታውቁት፣ ደጎሎ በደቡብ ወሎ የጃማ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። አገሩ ደጋ ሜዳ ነው፤ አፈሩ ጥቁር መረሬ። ክረምት ላይ ጭቃው ጫማ ያስቀራል፤ በጋ ላይ መሬቱ እጅ እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል። ስንዴው፣ ጤፉ፣ ምስሩ ግን አይጣል ነው! ሜዳው ዳር ላይ ሲደርስ ድንገት ተቆርጦ ገደል ይሆናል። ማዶው ሰሜን ሸዋ ነው። እንዲህ ያለ መሬት ላይ አንድ ክንድ ስፋት ምን ያህል እንደሚያጣላ ለከተማ ልጆች ማስረዳት ያስቸግራል። ማሳና ማሳን የሚለየው አጥር አይደለም። ያልታረሰ ቀጭን የሣር መስመር ነው፤ ወሰን እንለዋለን። በየዓመቱ አንድ ፈር ገፋ አድርጎ ማረስ ይቻላል። ማንም አያይም። በአምስተኛው ዓመት ግን አምስት ፈር ይሆናል። እኛ ዘንድ «ድንበር ገፊ» የተባለ ሰው ሌባ ከተባለው አይሻልም።

አጎቴ፣ የአባቴ ታናሽ ወንድም፣ በዚህ ምክንያት ተገደለ። ከማሳ ጎረቤቱ ጋር በማለዳ ተጨቃጨቁ። አንድ ጥይት ተተኮሰ። በቃ። ሚስቱና ሁለት ልጆቹ ቀሩ። የመጀመሪያው ልጅ ከእኔ በአንድ ዓመት የሚበልጥ፣ አብሮ አደጌ ነው።

ገዳይ ተያዘ፣ ተከሰሰ። ፍርድ ቤት ላይ «ድንበሬን የገፋው እሱ ነው፤ ስጠይቀው በዱላ መጣብኝ» ብሎ ተከራከረ። ፍርድ ቤቱ መግደሉን አረጋግጦ በተራ የሰው ግድያ ጥፋተኛ አለው። የወንጀል ሕጉ ለዚህ ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ነው የሚያስቀምጠው። 12 ዓመት ተፈረደበት። ሕጉ ሥራውን ሠራ። ድንበሩን ማን ገፋ የሚለው ነገር ግን ተንጠልጥሎ ቀረ፤ የተከሰሰው በድንበር አልነበረማ!

ያ የተንጠልጠለ ነገር በመንደሩ ውስጥ ዞረ። «ድንበር ገፍቶ ነው የሞተው» ተባለ። የአጎቴን ልጅ ትምህርት ቤት ላይ የድንበር ገፊ ልጅ ብለው የሰደቡት ልጆች ነበሩ። እናቱ ይህንን አልቻለችም። ልጆቿን ይዛ ዘመዶቿ ወዳሉበት ወደ መካነ ሰላም ሄደች፤ እዚያም ትንሽ ንግድ ጀመረች።

ሰውየው ስምንት ዓመት ታስሮ በአመክሮ ወጣ። ሕጉ እንዲህ ይላል፤ ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን የፈጸመና ጠባዩን ያሳመረ እስረኛ በአመክሮ ሊፈታ ይችላል። የ12 ሁለት ሦስተኛ 8 ነው። ሒሳቡ ትክክል ነው። ዜናው ቤታችን ሲደርስ አባቴ ምንም አልተናገረም። አያቴ ግን «እሱስ ተፈታ፤ የልጄ ስም ግን ገና አልተፈታም» አለች።

ከቤተ ዘመድ እጅ ወደ ቤተ መንግሥት

ኮሌጅ ከገባሁ በኋላ ስለ ሕግ ዘገባ ስንማር አንድ ነገር ገረመኝ። በድሮው የአገራችን ሥርዓት ምሕረት የተሰጠው ለሟች ዘመድ ነበር። ፍትሐ ነገሥት የሚባለው መጽሐፍ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግብጻዊው ክርስቲያን በኢብን አል አሳል በዐረብኛ ተዘጋጅቶ፣ በኋላ ወደ ግዕዝ ተመልሶ፣ በአገራችን ለዘመናት የፍርድ መሠረት ሆኖ ኖሯል። በነገሥታቱ ጊዜ ነፍስ ገዳይ በዙፋን ችሎት ከተፈረደበት በኋላ ጉዳዩ ለሟች ወገኖች ይቀርብላቸው ነበር። ከፈለጉ ደሙን በደም ይመልሳሉ፤ ከፈለጉ የደም ዋጋ ተቀብለው ይተዉታል። ሥርዓቱ ጭካኔ ነበረበት። ግን አንድ ነገር ነበረው፤ የተበደለው ሳይጠየቅ ማንም ይቅር ማለት አይችልም።

በ1923 ዓ.ም.፣ ከዚያም በ1949 ዓ.ም. የወጡት የወንጀለኛ መቅጫ ሕጎች፣ አሁንም ያለው በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ፣ ቅጣቱን ከዘመድ እጅ ወስደው ለመንግሥት ሰጡ። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ደም መላሽነት ትውልድ ይጨርሳልና። ነገር ግን ቅጣቱ ወደ መንግሥት ሲሄድ ይቅር ማለቱም አብሮ ሄደ። ዛሬ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 71 መሠረት በሕግ አግባብ ይቅርታ የሚያደርገው ፕሬዝዳንቱ ነው። የሟች እናት ቤቷ ቁጭ ብላ በሬድዮ ትሰማለች።

(በነገራችን ላይ እኛ የነገ ጋዜጠኞች «ይቅርታ»ና «ምሕረት»ን ባናደባልቅ መልካም ነው። በሕጋችን ይቅርታ የሚሰጠው ለተፈረደበት ሰው ቅጣቱ ሲቀር ወይም ሲቀልል ነው። ምሕረት ግን ለአንድ ዓይነት ጥፋት ወይም ለአንድ ወገን ሰዎች በአዋጅ የሚሰጥ ነው፤ ክሱንም ፍርዱንም ይሰርዛል።)

የ2003ቱ ልመና

ፍርድና ምሕረት በአገር ደረጃ ፊት ለፊት የተገናኙበትን አንድ ጉዳይ ላንሳ። የደርግ ባለሥልጣናት ክስ በፍርድ ቤት መታየት የጀመረው በታኅሣሥ 1987 ዓ.ም. ነበር። 12 ዓመት ፈጀ። በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት በዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኛ አላቸው፤ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በሌሉበት ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው። በግንቦት 2000 ዓ.ም. ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይግባኙን አይቶ ቅጣቱን ወደ ሞት ከፍ አደረገው።

ከዚያ በ2003 ዓ.ም. ያልተጠበቀ ነገር መጣ። የኦርቶዶክስ፣ የእስልምና፣ የካቶሊክና የወንጌላውያን የሃይማኖት አባቶች ሞት ለተፈረደባቸው ሰዎች ምሕረት ለመኑ። እስቲ ለማኞቹ እነማን እንደነበሩ ልብ በሉ። በጊዜው የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ ራሳቸው በደርግ ዘመን 7 ዓመት ገደማ ታስረዋል። እሳቸውን ጳጳስ አድርገው የሾሟቸው ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ በ1971 ዓ.ም. ተገድለዋል። በዚያው ዓመት የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ታፍነው ተገድለዋል። የሁለቱም አፅም የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። እንግዲህ እነዚህ አብያተ ክርስቲያናት ምሕረት የለመኑት በሌላ ሰው ቁስል ብቻ አልነበረም። የራሳቸው ቁስል ነበራቸው።

የተጎጂ ቤተሰቦች ግን አንድ ልብ አልነበሩም። የተስማሙ ነበሩ፤ ያዘኑም፣ የተቃወሙም ነበሩ። አዲስ አበባ መስቀል አደባባይ ያለውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ያየ ሰው የተቃወሙትን ለምን ተቃወማችሁ ብሎ ለመጠየቅ አፍ የሚኖረው አይመስለኝም። እዚያ ፎቶዎቹ በግድግዳው ላይ ተደርድረዋል፤ ብዙዎቹ በእኔና በእናንተ ዕድሜ ያሉ ተማሪዎች ናቸው።

መጨረሻው ምን ሆነ? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 28 ዘር ማጥፋትንና የመሳሰሉትን ወንጀሎች በይቅርታም ሆነ በምሕረት ማለፍን ይከለክላል። የሚፈቅደው የሞት ፍርድን ወደ ዕድሜ ልክ መለወጥ ብቻ ነው። በግንቦት 2003 ዓ.ም. ፕሬዝዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ የ23ቱን የሞት ፍርድ ወደ ዕድሜ ልክ ለወጡት። የዕድሜ ልክ እስረኛ ደግሞ 20 ዓመት ከታሰረ በአመክሮ ሊፈታ ይችላል። ከ1983 ዓ.ም. ጀምሮ የታሰሩት 20 ዓመት ሞልቷቸው ነበር። በመስከረም 2004 ዓ.ም. ብዙዎቹ ወደ ቤታቸው ገቡ። ሰው ሁሉ «ይቅርታ ተደረገላቸው» ቢልም፣ በሕግ ዓይን ይቅርታ አልነበረም። ሕጉ ጥፋታቸውን አልሰረዘም።

ይህንን ሳነብ አያቴ ትዝ አለችኝ። ምክንያቱም እሷም ቤታችን ውስጥ የፈለገችው ይህንኑ የመሰለ ነገር ነበር።

ሽማግሌዎቹ ሲመጡ

2013 ዓ.ም.፣ የካቲት መባቻ ላይ ነው። ሽማግሌዎች ቤታችን መጡ። አንድ ቄስ፣ አንድ ሼህ፣ ሦስት የአገር ሽማግሌ። እኛ ዘንድ የደም ነገር ሲሆን ክርስቲያኑም እስላሙም አብሮ ነው የሚቀመጠው። የመጡበት ምክንያት ግልጽ ነበር። የአጎቴ ልጅ 17 ዓመት ሆኖታል። በእኛ አገር በዚያ ዕድሜ ያለ ልጅ ጆሮ ላይ ሹክ የሚሉ ክፉ ሰዎች አይጠፉም፤ «የአባትህ ገዳይ ገበያ ላይ በኩራት ይሄዳል» ይሉታል። ቀጥሎ የሚሆነው ይታወቃል። አንድ ጥይት፣ ሌላ 12 ዓመት፣ ሌሎች አባት የሌላቸው ልጆች።

በመጀመሪያው ቀን አባቴ «እናስብበት» ብሎ መለሳቸው። በሁለተኛው ቀን ቄሱ ወደ አያቴ ዞሩ።

«እመት፣ ስለ ኪዳነ ምሕረት ብለው ይቅር ይበሉን።»

ሼሁም ቀጠሉ። «እመት፣ ደም ለልጅ ልጅ አይወረስም። እርስዎ እናት ነዎት፣ የዚያኛውንም ልጆች እንደ ልጆችዎ ይዩልን።»

አያቴ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ እንዲህ አለች።

«ስለ ኪዳነ ምሕረት ካላችሁኝማ ምን አፍ አለኝ? ግን ልጄን ሁለት ጊዜ ነው የገደለብኝ። አንዴ በጥይት፣ አንዴ በአፉ። የጥይቱን መንግሥት ቀጥቶታል። የአፉንስ? ይምጣና ድንበሩን ማን እንደገፋ ሰው ባለበት ይናገር። ከዚያ ወዲያ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ።»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አባቴ ደነገጠ። ምክንያቱ በኋላ ነው የገባኝ። አጎቴ እውነትም ድንበር ገፍቶ ቢሆንስ? ማን ያውቃል? ሽማግሌዎቹ ከሄዱ በኋላ አባቴ ይህንኑ ቀስ ብሎ አነሳው። «እማዬ፣ ያልጠበቅነውን ቢናገርስ?» አላት። የመለሰችለትን እኔ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

«ገፍቶም ከሆነ ይንገረኝ። ስለ ልጄ እኔ እግሩ ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። እውነቱን ሳላውቅ ግን ምኑን ነው ይቅር የምለው?»

እንግዲህ አያቴ ማንበብና መጻፍ አትችልም። ይህች ንግግሯ ግን ከብዙ መጽሐፍ በላይ ሆና ታየችኝ። እስቲ ወንጌሉን አስቡት። ዘኬዎስ ጌታን ቤቱ ሲቀበል ዝም ብሎ ግብዣ አይደለም ያደረገው፤ የቀማውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ። በቀኝ የተሰቀለው ወንበዴ፣ ፈያታዊ ዘየማን የምንለው፣ ገነት ከመግባቱ በፊት የተፈረደብኝ ለሥራዬ የሚገባ ነው ብሎ አምኗል። የጠፋው ልጅ ወደ አባቱ ሲመለስ በደሉን በአፉ ተናግሯል። ባለዕዳው ባሪያ ደግሞ የተማረውን ምሕረት ለባልንጀራው ስለ ነፈገ ምሕረቱን አጣ። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓትም ንስሐ የገባ ሰው ለካህኑ ይናዘዛል፤ ካህኑም ቀኖና ይሰጠዋል። ኃጢአቱ ይሰረይለታል፤ ግን ጾሙም ስግደቱም አይቀርለትም። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ ምሕረት እውነትን ተከትላ ስትመጣ እንጂ እውነትን ዘላ ስትገባ አላየሁም።

እርግጥ «አባትየውስ ልጁን ገና በሩቅ ሳለ አይደለም ወይ ሮጦ ያቀፈው?» የሚለኝ አይጠፋም። ትክክል ነው። ምሕረት ቀድማ ትሮጣለች። ግን ያቀፈው የራሱን ገንዘብ የበላበትን ልጅ ነው። በሌላ ሰው ገንዘብ ቸር መሆን ግን ቀላል ነው።

በሦስተኛው ቀን ሰውየው መጣ። በማጅራቱ ድንጋይ ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ በግቢያችን በር ላይ ቆመ። እስር ቤት አስረጅቶታል። ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቧል። ሼሁ «ተናገር» አሉት። ድምፁ አልወጣ አለ። ሁለተኛ «ተናገር፣ አላህ ይሰማሃል» አሉት።

«መጀመሪያ የገፋሁት እኔ ነኝ» አለ። «ሁለት ፈር። እሱ የመለሰው የራሱን ነው።»

ከተሰበሰበው ሰው መካከል ያን ስም ሲያወሩ የነበሩ ነበሩ። አንገታቸውን ሲደፉ አይቻለሁ። አያቴ አላለቀሰችም። አባቴን «ድንጋዩን አውርድለት» አለችው። አባቴ ቶሎ አልተነሳም። እኔ እስከ ዛሬ ድረስ ያ ጊዜ ስንት ደቂቃ እንደነበረ አላውቅም። ከዚያ ተነሳ፣ ድንጋዩን አወረደለትና ወደ ቤት ገባ። አላቀፈውም። ዛሬም መንገድ ላይ ሲያገኘው ሰላም ይለዋል እንጂ አብሮት ማዕድ አይቆርስም።

አያቴ «የእኔን ድርሻ ይቅር ለእግዚአብሔር ብያለሁ» አለች። ቄሱ ሊመርቁ ሲሉ እጇን አነሳች። «ቆዩ አባ። የልጄ ሚስትና ልጆቿ የራሳቸው ድርሻ አላቸው። የእነሱን እኔ አልሰጥም፤ እነሱን ጠይቁ።»

ሽማግሌዎቹ መካነ ሰላም ድረስ ሄዱ። የሰውየው ዘመዶች ያዋጡትን ካሳም ለልጆቹ ይዘው ሄዱ። የከተማዋ ስም የሰላም ቦታ ማለት ነው፤ ነገሩ ግን እንደ ስሙ አልቀለለም። የአጎቴ ሚስት የሰውየውን ቃል ከሽማግሌዎቹ አፍ ስትሰማ አለቀሰች። ካሳውን ለልጆቿ ተቀበለች። ለዕርቅ ወደ ደጎሎ መምጣትን ግን እምቢ አለች። «ልጄ ደም እንዳይመልስ አስምዬዋለሁ። ከዚህ በላይ አትጠይቁኝ» አለቻቸው። ማንም አልተቆጣትም። ሽማግሌዎቹም «በቂ ነው» ብለው ተመለሱ። ወሰኑ ላይ ግን በዚያው ሳምንት ሰው ባለበት ድንጋይ ተተከለ።

ሚዛኑ አልተሰበረም

ከዚያ በኋላ የበላዔ ሰብእን ታሪክ በሌላ ዓይን አየሁት። አስተውሉ፤ በሥዕሉ ላይ ሚዛኑ አልተሰበረም። ማንም «ያለፈው አለፈ፣ አትቁጠሩ» አላለም። 78ቱ ነፍሳት አንድ በአንድ ተቆጥረው ሚዛን ላይ ወጥተዋል። ስማቸው ባይነገርም ቁጥራቸው አልጠፋም፤ ይኸው እስከ ዛሬ ድረስ 78 እንላለን። ምሕረቱ የመጣው ከቆጠራው በኋላ ነው። በልጅነቴ «የተበሉትስ?» ብዬ ለጠየቅሁት ግማሽ መልስ ይህ ይመስለኛል፤ የተበሉት ሚዛኑ ላይ ነበሩ። ግማሹን ግን አሁንም አላገኘሁትም። ተጠይቀው ነበር ወይ? ይህንን የሚያውቅ የሰውን ልብ የሚመረምር አምላክ ብቻ ነው። በምድር ያለን እኛ ግን የሰማዩን ዳኛ ሥልጣን ይዘን በሌላው ቁስል ላይ ምሕረት ማወጅ አይገባንም።

ይህ ነገር የአንድ ቤት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ዕርቃችን በተፈጸመ ባመቱ፣ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ጦርነቱ ደቡብ ወሎ ደረሰ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ የሰላም ስምምነት ተፈረመ። ከዚያም በኋላ በክልላችን ሌላ ግጭት ተነሳ። ስንት እናት ልጇን ማን እንደገደለባት ሳታውቅ ቁጭ ብላለች! በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ አጽድቋል። በውስጡ የወንጀል ተጠያቂነት አለ፤ እውነትን ማፈላለግ፣ ለተጎዱ ካሳ መስጠት፣ በቅድመ ሁኔታ ላይ የተመሠረተ ምሕረትም አለ። ደቡብ አፍሪካውያን አፓርታይድ ካበቃ በኋላ በሊቀ ጳጳስ ዴዝሞንድ ቱቱ ሰብሳቢነት ያደረጉትም ተመሳሳይ ነበር። ምሕረት ፈልጎ የመጣ ሰው ያደረገውን ሁሉ መናገር ነበረበት። ከ7,000 በላይ ሰው አመልክቶ አብዛኛው ተከልክሏል። እነሱም ቢሆኑ ካሳው ዘገየ፣ ብዙ ሰው ሳይጠየቅ ቀረ እየተባሉ እስከ ዛሬ ይወቀሳሉ። ፖሊሲ በወረቀት መልካም ነው፤ አያቴ የጠየቀችውን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ካልተገኘ ግን ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

የእኛ ሙያ እዚህ ላይ የሚገባ ይመስለኛል። ጋዜጠኛ ፈራጅ አይደለም፤ ይቅር ባይም አይደለም። ሽማግሌዎች ሲታረቁ ካሜራ ይዞ መቅረብና «ዕርቀ ሰላም ወረደ» ብሎ ዜና መሥራት ቀላል ነው። እንዲህ ዓይነት ዜና ሁላችንም ሰምተናል። የመድረኩ ሰዎች ይጨባበጣሉ፣ በሬ ይታረዳል፣ ዜናው ያልቃል። መድረኩ ላይ ያልነበረችውን ሴት ግን መካነ ሰላም ድረስ ሄዶ የሚጠይቃት ማን ነው? ድንበሩን ማን ገፋ ብሎ የሚጠይቅስ? ሟቾቹን የሚቆጥር፣ ስማቸውን አጣርቶ የሚጽፍ፣ ያለ ስማቸው የተለጠፈባቸውን ስም የሚያነሳላቸው ሰው ያስፈልጋል። ይህ በቀል አይደለም፤ ለምሕረት መንገድ መጥረግ ነው ብዬ አምናለሁ።

የአጎቴ ልጅ አሁን 22 ዓመቱ ነው። ጠመንጃ አላነሳም። ባለፈው ክረምት ደጎሎ መጥቶ የአባቱን ማሳ አብረን አየነው። ድንጋዩ እተተከለበት አለ። ሰውየውን ይቅር ብሎት እንደሆነ አልጠየቅሁትም። እሱም አልነገረኝም።

ውድ አንባብያን፣ እናንተስ ምን ትላላችሁ? ምሕረት የተበዳይ ብቻ ናት ወይስ መንግሥትና ሃይማኖትም ድርሻ አላቸው? የተለየ ሐሳብ ያላችሁ በሚቀጥለው ዕትም ብትጽፉ በደስታ አነባለሁ። እስከዚያው ቸር ይግጠመን!